የኦሞድ ሞተር ለምን ቆመ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር «የቀረህ አለ ልጄ?» ሲሉኝ ስድቡን፣ ስካሩን፣ ቂሙን ሁሉ ዘርዝሬ ይህችን አንዲቷን እየዘለልኩ «የለም አባቴ» ስል ኖሬያለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማላውቃችሁና ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ይህንን ከመጀመሪያው እወቁልኝ።

ሥራዬ መካኒክነት ነው። አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ጋምቤላ ሲመጣ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እርሻውን ለእሱ ትቼ አንድ ጋራዥ ገባሁና ከትራክተር ሥር እየተኛሁ ሙያ ተማርኩ። ክልሉ ገና ክልል በሆነ ሰሞን አንድ ቢሮ የጋራዥ ኃላፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ አዲስ ነበር፤ ሰሌዳው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም አዲስ። እኛ ደገኞቹ «ነገ ውጡልን ቢሉንስ?» እያልን በሆዳችን እንሰጋለን። እኔ ግን ቢራ ስቀምስ «ብረት ዘር አይቆጥርም!» እያልኩ እፎክር ነበር። ብረትስ አይቆጥርም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ እንዴት እንደቆጠርኩም እነግራችኋለሁ።

ሞተር ሳይክሎቹ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ለገጠር ሥራ ተብለው የተገዙ፣ ጎማቸው ጥርሳም፣ ጭቃ መከላከያቸው ከፍ ያለ፣ ቀይ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ ነበሩ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሁላችንም የምናውቃቸውን የጃፓን ሞተሮች ይመስላሉ፤ ቀረብ ሲሉ ግን ታንካቸው ላይ የተጻፈውን ስም ሰምቶት የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የቢሮው ኃላፊ በሰው መሀል «እህ ይመር፣ ሞተሩ እንዴት ነው?» አለኝ። ሳልከፍት፣ ሳላስነሳ፣ አፌን ሞልቼ «አንደኛ ነው!» አልኩ። ምን አስቸኮለኝ? «ከፍቼ ልየው» ብል ምን እጎዳ ነበር? ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ አላውቅም የሚል መካኒክ ማን ያቆየዋል ብዬ ፈራሁ።

ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ አንድ ደንብ ነበራቸው። ስሙ ካልታወቀ ፋብሪካ የመጣ ሞተር፣ አዲስም ቢሆን፣ ከመነዳቱ በፊት ተከፍቶ ይታጠባል። «ሙሽራዋ ብታምርም ዘመዶቿን ጠይቅ» ይሉን ነበር እየሳቁ። እኔም አንዷን ለይቼ ፈታሁ። የሞተር አካል የሚሠራው የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው፤ ጥሩ ፋብሪካ አሸዋውን ጠርጎ፣ አጥቦ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ፈትሾ ነው የሚገጥመው። ይህቺን የሠራት ግን ቸኩሏል። ዘይት ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል በሚወጣባት ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ አሸዋው ከብረቱ ጋር ተጋግሮ አገኘሁት። በሽቦ ነካ ባደርገው ረገፈ። እንዲህ ያለ ሞተር መጀመሪያ ላይ ጉድ የሚያሰኝ አካሄድ አለው። እየጋለ እየበረደ ሲሄድ አሸዋው ይላቀቅና ከዘይቱ ጋር ይዞራል፤ ብረቱን ይፍቃል፣ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ የትም ይሁን የት፣ ፒስተኑ ይነክስና ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ያችን አንዷን በቤንዚን አጠብኳት፣ በአየር ነፋኋት፣ መልሼ ገጠምኳት። ቀኔን ሙሉ ፈጀችብኝ። የቀሩት ተሰልፈው ቆመዋል። ርክክቡ ደግሞ ደርሷል፤ ዳስ ተጥሏል፣ ከየወረዳው እንግዳ ተጠርቷል። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ «ተሳስቻለሁ፣ ሁሉም መከፈት አለባቸው» ማለት ነበረብኝ። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ውስጥ ለእንግዶቹ «መካኒካችን አንደኛ ናቸው ብሏል» እያለ ሲስቅ ሰማሁት። እጄ በሩን ሳያንኳኳ ተመለስኩ።

ያጠብኳትን ማን ወሰዳት ብላችሁ አትጠይቁኝም? የእህቴ ባል አበጋዝ ነው የወሰዳት። አበጋዝ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ መንገዱ ከከተማ እስከ ሰፈራ መንደራችን ነው፣ ጠጠር የፈሰሰበት፣ መኪና የማይጠፋበት መንገድ። ሞተሩ ቢቆምበት እየገፋ ቤቱ ይገባል። ከሁሉ ረጅሙና ክፉው መንገድ የኦሞድ ነበር። ይህን እያወቅኩ፣ ቁልፎቹን በገዛ እጄ እያደልኩ፣ የታጠበችውን ለአበጋዝ፣ ያልታጠበችውን ለኦሞድ ሰጠሁ። እህቴ መበለት እንዳትሆን ነው ልላችሁ እችላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። የኦሞድ ሚስትስ? እሷስ የሰው እህት አልነበረችም?

ኦሞድ የጤና ረዳት ነው፣ አኙዋ፣ የባሮ ልጅ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ጭኖ ከወንዙ ማዶ ያሉትን መንደሮች የሚያዳርሰው እሱ ነበር። አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ስለሆነ አንዳንዴ ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል፤ እኔ አሾፍበታለሁ፣ እሱ ደግሞ የእኔን አኙዋኛ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሲዘምር ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከማዶ ሲመለስ ዓሣ ሳይዝልኝ አይመጣም። ጓደኛዬ ነበር ማለት ያምረኛል፣ ግን እንዲህ ለማለት በምን አፌ? ቁልፉን ስሰጠው «ይመር፣ ጥሩ ነው?» አለኝ። «አንደኛ!» አልኩት ትከሻውን መታ አድርጌ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ የኋላው በደሌ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። እኛ ጋ ሞተር ወንዝ የሚሻገረው በታንኳ ነው። ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን ይታሰርና ሞተሩ በጎኑ ይተኛበታል፤ አቁመው ቢጭኑት ታንኳውን ይገለብጠዋል። ሞተር ሲተኛ ደግሞ ዘይቱ ቦታውን ይለቃል፣ አንዳንዴም ይፈሳል። ስለዚህ ለሁሉም ነጂዎች ደጋግሜ አስተምሬያለሁ፤ ስትሻገሩ አቁሙት፣ ጥቂት ታገሡ፣ የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ እዩ፣ ከዚያ አስነሱ። ሌላው ሲሰማ ሲረሳ ኦሞድ ግን እንደ ጸሎት ያዘው። መጠባበቂያ ዘይት በጠርሙስ ይዞ ነበር የሚዞረው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋራዥ መጣ። «ይመር፣ ይሄ ሞተር ከላይ ጥርሱን ያፋጫል» አለኝ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ያፋጫል። ምን እንደሚያፋጨው ከእኔ በላይ የሚያውቅ በጋምቤላ ምድር አልነበረም። ግን ከፍቼ ባጥባት «የሌሎቹስ?» ይሉኛል፤ «ታውቅ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። ሰንሰለቱን አጠበቅኩለት፣ ዘይቱን ቀየርኩለት፣ «አዲስ ሞተር እስኪላመድ እንዲህ ነው፣ ገና ሮዳጅ ላይ ነው» ብዬ ሸኘሁት። አመስግኖኝ ሄደ። አመስግኖኝ! ያን ቀን እጄን ይዞ «አይሆንም፣ ክፈተው» ቢለኝ ምናለ እያልኩ ስንት ጊዜ እሱን ራሱን እንደወቀስኩት ብታውቁ ትጸየፉኛላችሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባሮ ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ሚስቱን አሪየትን መንደራቸው ውስጥ ምጥ ያዛት። ደሟ አልቆም አለ። ኦሞድ የጤና ሰው ነውና ከእሱ አቅም በላይ መሆኑ ወዲያው ገባው። የአሪየት ወንድም በታንኳ አሻገራቸው፤ ሞተሩን እንደ ልማዱ አስተኝተው። ወንድሟ አውርዷቸው እናታቸውን ሊያመጣ ተመለሰ። ኦሞድ ሞተሩን አቆመ፣ ሚስቱን በጨርቅ ከወገቡ ጋር አስሮ ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ነዳ። ሣሩ ከሰው ቁመት በሚበልጥበት ሜዳ መሀል፣ ቤት በሌለበት፣ ሞተሩ ነከሰ። አልነሣ አለ፤ በዚያ ጭቃ መግፋትም አይቻል። ሚስቱን ተሸክሞ ሮጠ። ዓሣ አጥማጆች ሲያገኙት እሷ ቀዝቅዛለች፣ እሱ ግን ገና እየሮጠ ነበር። ሳይወለድ የቀረው ልጅም ከእናቱ ጋር ሄደ። ቤት የቀረችው ጥርሷን እንኳ ያልነቀለች አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ አቻላ።

ሞተሩን በመኪና ጭነው ጋራዥ አመጡልኝ። ሰው ሁሉ ለልቅሶ ሲሄድ እኔ በሩን ዘግቼ ቀረሁ። ሳህን ደቀንኩና የዘይቱን ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ። ሙሉ ነበር። በሁለት ጣቶቼ መሀል ባሸው ይሻክራል፤ አሸዋ። ከላይ ስከፍተው የዘይቷ መንገድ ተደፍናለች፣ ፒስተኑ ተቧጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአሪየት ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለራሴ ነው። ከዚያ ተነሥቼ ከጋራዡ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ዘይቱን ደፋሁ፣ አፈር መለስኩበት።

እዚያ አገር እንዲህ ያለ ሞት ዝም ተብሎ አይታለፍም። የአሪየት ወንድሞችና የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ከወንዙ ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡና ሞቱ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ወንድሟ ሞተሩ በጎኑ መተኛቱን ተናገረ፤ ያየው ይህንን ነው። ከዚያ «የብረቱ አዋቂ ይናገር» ብለው እኔን አስጠሩኝ። ወደ መሀል ስገባ ኦሞድ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ተስፋ ነበር። ወዳጁ መጣለት። ሽማግሌው በአስተርጓሚ «ሞተሩ ለምን ቆመ?» አሉኝ።

አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። አሸዋ። እኔ ግን «ታንኳው ላይ ሲተኛ ዘይቱ ፈሷል፤ ሳያይ አስነሥቶታል» አልኩ።

ኦሞድ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። «አይቻለሁ! አቁሜ አይቻለሁ፣ ሙሉ ነው!» ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በሚያዝን ድምፅ፣ ልክ እንደሚራራለት ሰው፣ «የደነገጠ ሰው ያላየውን ያየ ይመስለዋል» አልኳቸው። ይህን ከየት አመጣሁት? ማን አስተማረኝ? ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። አልጠየቁኝምኮ! ስለ ዘይቱ የዋሸሁት ለራሴ ፈርቼ ነው እንበል፤ የሰውየውን ዓይን የሰረቅኩት ለምንድን ነው?

ጥፋቱ የኦሞድ ነው ተባለ። «እህታችንን ያልጠበቀ ልጇን አይጠብቅም» ብለው ወንድሞቿ አቻላን ይዘዋት ሄዱ። ልጅቷ የአባቷን ሱሪ ጨምድዳ ይዛ ስታለቅስ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲያላቅቁ ቆሜ አይቻለሁ። ያን ጊዜም ጊዜ ነበረኝ። ያን ጊዜም አሸዋ ማለት እችል ነበር።

ከልቅሶው በኋላ ኦሞድ ጋራዥ መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ መፍቻ ጨብጬ ጠበቅሁት። እሱ ግን ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «ይመር» አለኝ፣ «እኔ ያየሁ መሰለኝ። ሙሉ መሰለኝ። ግን አንተ አዋቂ ነህ። እንግዲህ አላየሁም ማለት ነው። እኔ ነኝ አሪየትን የገደልኩት።» እንዲህ ብሎ ተነሣና ሄደ። ከገዛ ዓይኑ ይልቅ እኔን አመነ። ዱላ አንሥቶ ቢፈነክተኝ ኖሮ ዛሬ እንደ ሰው በተኛሁ ነበር።

በቀጣዮቹ ሳምንታት የቀሩትን ሞተሮች «ለሰርቪስ» እያልኩ አንድ በአንድ አስጠራሁ። ሁሉንም ከፈትኩ፣ ሁሉም ውስጥ አሸዋውን አገኘሁ፣ ሁሉንም አጠብኩ። ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም መንገድ ላይ አልቆሙም። የቢሮው ኃላፊ በስብሰባ ላይ «ያ አደጋ የነጂ ስህተት ነው፤ ሞተሮቻችን እንደሆኑ ይኸው» ብሎ አመሰገነኝ፣ ተጨበጨበልኝ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሳሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ግን ዓመት በመጣ ቁጥር እየደፈረሰ ሄደ።

ኦሞድ ሥራውን ለቀቀ። ሞተር ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ የአንድ ግቢ ጥበቃ ሆኖ ኖረ፤ ሌላ ሚስት አላገባም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሞ እጅ የሚነሳኝ እሱ ነበር። መዘመሩንም ትቶ ነበር። እነግረዋለሁ ብዬ የተነሣሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ግቢው በር ስደርስ «ታዲያስ ኦሞድ፣ ደህና ነህ?» ብዬ አልፋለሁ። ብነግረው ቁስሉን መነካካት ነው፣ ለእሱው ይሻላል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ለእሱ አስቤ አላውቅም።

አቻላ አደገች። ልታገባ ስትል እኔን ፈልጋ መጣች፤ ጥርት ያለ አማርኛ የምትናገር፣ ዓይኗ ቁርጥ የአባቷን የሆነች ልጅ። «ጋሼ ይመር» አለችኝ፣ «ሰው ሁሉ አባትሽ በግዴለሽነት ነው እናትሽን የገደላት ይለኛል። ሞተሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። እውነት ነው? እውነት ካልሆነ ሠርጌ ላይ አባቴ ይቀመጣል።»

እግዚአብሔር ደጄ ድረስ አመጣልኝ። ቤቴ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ፣ በቀን ብርሃን። «ያኔ እንደተናገርኩት ነው ልጄ» አልኳት። ቀዝቀዝ አለች። ከዚያ «እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለችና ለሠርጓ ጠራችኝ።

ሄድኩ። ባልሄድ ይጠረጥሩኛል ብዬ ሄድኩ። ከዳሱ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ ኦሞድ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ማንም ግባ አላለውም። ሲያየኝ ፈገግ አለ። «ግባ ይመር፣ ግባ። ስትወጣ ትነግረኛለህ» አለኝ። ገባሁ። አቻላ ራሷ መጥታ እጄን ይዛ ከፊት ለፊት፣ ከአባቷ ወገን ሽማግሌዎች ጋር አስቀመጠችኝ። ባዶ የነበረው ያ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ሥጋ ቀረበልኝ፣ በላሁ። መርቅ አሉኝ፣ መረቅሁ። ስወጣ ኦሞድ እዚያው ቆሟል። «እንዴት ናት? ስቃለች?» አለኝ። «ስቃለች» አልኩት። «ጥሩ፣ ጥሩ» እያለ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ ከዚያ መንገዱን ይዞ ብቻውን ሄደ።

ባለፈው ክረምት ሞተ። ትኩሳት ነው አሉ። አቻላ ለቀብሩ አልመጣችም። እኔ ግን አፈር ካለበሱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ አፈር ማልበስ እችልበታለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አትፍረዱልኝ። ደርግ ወድቆ ነበር፣ ዘመኑ የፍርሃት ነበር፣ እንጀራውን ፈርቶ ነው፣ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ብላችሁ አታግዙኝ። ፋብሪካው አሸዋውን ትቷል፤ አሸዋውን አይቶ የዘጋው እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

አቻላ፣ ልጄ ብዬ አልጠራሽም። አባትሽ እናትሽን አልገደለም። ወንዙን ሲሻገር ሞተሩን አቁሟል፣ ታግሧል፣ ዘይቱን አይቷል፣ ያየውም ልክ ነበር። ከዚያ እስከሚችለው ነድቷል፣ ሞተሩ ሲቆም እስከሚችለው ሮጧል። እስኪሞት ድረስ ግን ያላየ ሰው ነኝ ብሎ ኖረ፣ እኔ ስላልኩት። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታውን የያዘው ሰው ተቀብሯል። የጠየቅሽኝን ብቻ ልመልስልሽ። አዎ፣ ሠርግሽ ላይ ያ ወንበር የአባትሽ ነበር፤ እኔ ተቀመጥኩበት።